ይደገም

ካስትሮ፣ ቺሎዌ ደሴት፣
ዝናብ ሲዘንብ ውሎ ዝናብ በሚያድርበት፣
ከዶክተር ኦያርሱን ክሊኒክ በስተጓሮ
ሆምጣጤ ሆምጣጤ በሚሸት ጠባብ ቤት፣
ቀይ አምፖል ብቻዋን በምታበራበት፣
ኤርሜሊንዳ ናት ያስተማረችኝ
ጥላ አጥቦ ማስጣት።

«ያስና፣ ጥርስ አይዋሽም፤ የምንዋሸው እኛ፣
ሰው አፍ ውስጥ ፊልም ከትተን
የምንጣደፍ፣ እንደ ችኩል መልእክተኛ።
ጨረሩ ካናቱ ቁልቁል ከወረደ
ጥርሱ ያጥራል፣ እንደ ቀትር ጥላ፤
ተኝቶ ከመጣ ይረዘማል፣ እንደ ማታ ጥላ፤
የሰውየውን ቁመት ማን ያውቃል ኋላ?
ቱቦውን በጎን ካሳትሽው ደግሞ
ጥርስ ከጎረቤቱ ላይ ይወጣል ተጋድሞ፤
በመሃል ነቀዙ ተከናንቦ ይበላል፣
ዶክተሩም ፊልሙን አይቶ ‹ደህና ነው› ይላል።»

ሁሉን አየሁት ቀስ በቀስ።
ቱቦው ከመሃል ሸሽቶ
የፊልሙ ጥግ በነጭ ማጭድ ሲታጨድ፤
ጀርባውን ለጨረር የሰጠ ፊልም
የእርሳስ ቅጠሉን ጥለት ለብሶ፣ ገርጥቶ ሲወለድ፤
የአንዲት አስተማሪ መንጋጋ ካንድ አናጢ መንጋጋ ጋር
ባንድ ፊልም ላይ፣ ሳይተዋወቁ፣ ሲዋሐድ፤
የራሴም አውራ ጣት አሻራ፣ ከታመመው ክራንቻ አጠገብ፣
እንደ ሌባ ተይዞ።

አትጥላቸውም ነበር። በብስኩት ቆርቆሮ ታጠራቅማለች፣
ጥጋቸው ላይ በቀይ እርሳስ፦ ይደገም።
«ግን አስቢበት፤ እያንዳንዱ ይደገም
ሌላ ጨረር ነው። ጉንጩ አይሰማውም፣
አጥንቱ ግን አይረሳም።»

አንድ ማክሰኞ ኡልዳሪኮ መጣ፣
ከባሕር ወለል ዛጎል ለቃሚ፣ ጠላቂ፤
ጥልቅ ሲወርድ መንጋጋው ሊፈነዳ እንደሚደርስ ነገረን።
የፊልሙ ጠርዝ ምላሱ ሥር ቆረቆረው፤ ታገሠ።
«አትተንፍስ» አለችው ኤርሜሊንዳ ከግድግዳው ጀርባ፣
«መቼም ይሄ ላንተ ሥራ አይደለም።»
ሳቀ።
ማሽኑም ያን ጊዜ ጮኸ።

ከማጠቢያው ስናወጣው እያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ጠርዝ ነበረው፤
ሥሩ የት እንዳበቃ፣ መግሉ የት እንደጀመረ
የሚለይ ዓይን የለም፤ ማዕበል ነው የሚመስለው።
ይደገም፣ ብላ ጻፈች። ለሐሙስ ቀጠረችው።

ሐሙስ መጣ።
ጀልባዋ መጣች፣ የአየር ጎማው መጣ፣
እሱ አልወጣ።

ሚስቱ ኦርፌሊና፣ በነሐሴ ብርድ፣
በሩ ላይ ቆመች፣ ካፖርቷ እንደራሰ።
«ፎቶ ሞልቶኛል» አለች፤ «የሠርጉ፣ የመታወቂያው፣
ጀልባዋን የገዛን ቀን። በሁሉም አፉን ገጥሟል።
በጥርሱ ያፍር ነበር። ሲስቅ በመዳፉ ይከልላል፤
ከኔም እንኳን።
እዚህ ተነስቶ ነበር አሉኝ።»

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ልብ እያለቀሰ የሚስቅ፤
የሱ ጥርስ ግን ቤተኛ ነበር፣ ከሰው የሚደበቅ።

ኤርሜሊንዳ ቆርቆሮውን ከፈተች፤
ፊልሙን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዝናቡ አነሳችው።
«የተበላሸ ነው» አለች፤ «ስቆ ነው… ተንቀሳቅሶ።»
ኦርፌሊና ብዙ ቆየች፣ እያየችው።
ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን ቀይ ጽሕፈት አነበበችው፣
አንዴ፣ ጮክ ብላ።
ቀጥሎ በለሆሳስ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣
ሁለቴ።
ኤርሜሊንዳ ቀዩን ልታብስ አልኮል የነካ ጥጥ ይዛ ነበር፤
መልሳ አስቀመጠችው።

አሁን ፊልም የለም። ሽቦ ያለው ትንሽ ሰሌዳ አፍ ውስጥ ይገባል፣
ምስሉም ሳይታጠብ ስክሪኑ ላይ ይወጣል።
ስህተቱ ግን ያው ነው፦
ዶና ፊሎሜና ጉትቻዬን አላወልቅም ብላ
ጥላው ወዲያ ማዶ፣ በሌላው ጉንጭ፣ ከፍ ብሎ ደብዝዞ ይንሳፈፋል፤
አንድ ልጅ ይነቃነቅና መንጋጋው ውሃ ይሆናል።
ቆርቆሮ የለም። «አጥፋ» የሚል ቁልፍ አለ።
አጠፋለሁ፤ ሥራዬ ነው፤
ዶክተሩ የጠራ ምስል ይፈልጋል፣ እውነቱን ነው።
ሰው ስቆ ያበላሸው ሲሆን ግን
ጣቴ ትንሽ ይዘገያል።