አሥረኛው ቀን

ክራኮቭ ነው፣ ጥር ወር፤ ከሰል ያጠቆረው በረዶ፣
የምድር ቤቱ በር ሲከፈት የሚሸት፣ ጥድ ታርዶ፤
የመጋዝ ብናኝ ነው፣ የአይጦቹ ፍራሽ።
ቦጉሚዋ ካፖርቷን ሰቅላ ነጭ ጋዋን ትለብሳለች፣
አርባ አይጥ ቆጥራ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ትጽፋለች።

በጨው ውሃ ያራሰቻቸው ሁለት ትንንሽ መቆንጠጫ፣
ግራና ቀኝ። አንድ ሰከንድ ነው፤ ከዚያች ሰከንድ የለም ማምለጫ።
ይወጠራል፣ ይርገፈገፋል፣ ይዝለፈለፋል እንደ ጨርቅ፤
ደመና የሌለው ሰማይ፣ ዝናብ የሌለው መብረቅ።

ሃያዎቹ የታደሉ ናቸው (መታደል ከተባለ)፤
መቆንጠጫው ይነክሳቸዋል፣ መብረቁ ግን የለ።
ለማነጻጸሪያ ነው። ፍርሃቱን ብቻ ይቀበላሉ፣
በአሥረኛው ቀን ማግሥት ግን እኩል ይገደላሉ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ ይባል ነበር ድሮ፤
ዛሬ ሰው በታመመ አይጥ ተቀጣ፣ በሁለት ጆሮ።

አንጎሉ ከባቄላ አይበልጥም። በደረቅ በረዶ ታቆየዋለች፣
ትፈጨዋለች፣ ታጣራዋለች፣ ብርሃን ታሳልፍበታለች።
ኖራድሬናሊን ስንቱ ተሠራ? ሴሮቶኒን ስንቱ ፈረሰ?
ስንቱ መልእክተኛ ደጅ ደርሶ፣ ሳይናገር ተመለሰ?
የአንድ ቀን መብረቅ እምብዛም አይናገር።
የአሥር ቀኑ ግን ሌላ ነው፦
መልእክት የሚሠራው ጓዳ ሥራውን ያፋጥናል፣
የሚሰማው ጆሮ ደግሞ ከጩኸት ብዛት ጥቂት ይደነቁራል።
ለምን? ዶክተር ኮታርባ መነጽራቸውን ይወለውላሉ።
«ምናልባት» የሚለውን ቃል ከደመወዛቸው አብልጠው ይወዳሉ።

እሑድ እሑድ ወንድሟን፣ ሌሼክን፣ ትጠይቃለች።
ስምንት ጊዜ አስተኝተው፣ ስምንት ጊዜ ነክተውታል ጭንቅላቱን።
ባለፈው፣ ከመንፈቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ራበኝ» አለ፤
ጺሙን ተላጨ፣ በመስኮት የቁራ ጠብ አይቶ ሣቀ፤
ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦
«እማ ለምን አልመጣችም?»
እማን አምና በጥቅምት የቀበሯት አብረው ነው፤
የሣጥኑን አንድ ጠርዝ የተሸከመው እሱ ነው።

ይህንን በየትኛው ብልቃጥ ትስፈረው?

ዛሬ አሥረኛው ቀን። ከማማው ላይ መለከት ይነፋል፣
እንደ ልማዱም ዜማው ሳያልቅ መሐል ላይ ይቆረጣል።
ቁጥር ሠላሳ አንድ በግራ እጇ ነው፤ ልቡ ይሮጣል።
መቆንጠጫው ቀዝቅዟል።
በመዳፏ ጨብጣው፣
እስኪሞቅ፣
ትንሽ ትቆያለች።