ማግ የሌለው ድር

«አትንኩት» ያለችው እናቱ ነበረች፣
ከሱ በፊት ሦስት ልጅ ለአፈር የሰጠች።
እኔ ግን ነካሁት፤
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በላስቲኳ ከረጢት ላይ፦
ጧት አንድ፣ ማታ አንድ።

ብቸና፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ጠባቧ መድኃኒት ቤቴ፤
ሽንቱ አቃጥሎት፣ ሊናገረው አፍሮ፣
ሴቶቹ እስኪወጡ በር ላይ ቆሞ ኖሮ፣
«ሲፕሮ የሚሉትን ስጠኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።
ሰጠሁት። አሥራ አራት ፍሬ።
ዕድሜውን አልጠየቅሁም፤ ሽበቱ እየነገረኝ።
የጥጥ ብናኝ ላፈነው ደረቱ
ፕሬድኒሶሎን ከኔው መደርደሪያ እንደሚወስድ እያወቅሁ
ሁለቱን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም።
አንድ ነገር ግን አጠበቅሁ፦
«ቢሻልህም እንዳታቋርጥ። ጨርሰው።»
የኛ የባለሙያዎች ውዳሴ ይህ ነው።

ጅማት ምንድን ነው?
(ይህን በኋላ ነው፣ በሌሊት፣ አሮጌ መጽሐፌን ገልጬ)
ማግ የሌለው ድር ነው፣
ከባት እስከ ተረከዝ የተወጠረ፤
በክሮቹ መሀል ቀጫጭን ሴሎች ጎንበስ ብለው፣
እንደ አትንኩት፣ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው
የሳሳውን ይቀጥላሉ፣ ያረጀውን ይተካሉ፤
ገበያ የላቸው፣ በዓል የላቸው።

መድኃኒቱ የተላከው ለተሕዋሱ ነበር ለካ፤
ሌባ ሊይዝ ገብቶ ባለቤት ነካካ።
ከትንንሾቹ ሸማኔዎች እጅ ማግኒዥየሙን ነጠቀ፣
አዲሱ ፈትል አነሰ፣
አሮጌውን የሚበላ ብል ተቀሰቀሰ።

በአራተኛው ቀን መጣ።
«ሽንቱስ ተሻለኝ። ተረከዜ ነው፣ ከኋላ፤
መርገጫውን ስጫነው እንደ እሾህ ይወጋኛል።»
«ሥራ በዝቶብህ ነው» አልኩት፤ ቅባት ሸጥኩለት።
«ክኒኑን ግን እንዳታቋርጥ።»

በስድስተኛው ቀን፣ ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ላይ፣
ረፋድ፣ ጧ! አለ።
ሚስቱ ጥሩዓለም ድሩ የተበጠሰ መስሏት
ወደ ሸማው ሮጠች፣
ክር በክር በጣቷ ፈተሸች።
አንድም አልጎደለ።
ከዚያ ነው ፊቱን ያየችው።

ቋንጃ የሚቆርጥ ጠላት ነበር ድሮ፤
እኔ ደረሰኝ ቆርጬ ቋንጃ ቆረጥኩ።

በካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣውን ወረቀት
ያን ማታ ዘረጋኋት፤ ከመዳፌ እስከ ክርኔ ትደርሳለች።
በጥቁር መስመር ታጥሮ ጅማት የሚል አለ።
ስንት ዓመት በጀርባዋ የዱቤ ሂሳብ ስጽፍባት!

አሁን መርገጫውን ልጁ ይረግጣል።
እሱ ቀሰም ያጠነጥናል፣ የሕፃን ሥራ።

ትናንት በምርኩዝ መጣ፤ ሴቶቹ እስኪወጡ አልጠበቀም።
ወንበር ሰጠሁት። ልናገር አፌን ስከፍት
ከኪሱ የተጨማደደች ከረጢት አወጣ፣
ሰማያዊው ጽሑፌ ደብዝዟል፤
«ያን ቀን ስወድቅ ሦስት ፍሬ ቀርቶኝ ነበር» አለ፣
ጥፋተኛ እሱ ይመስል ዓይኑን ሰብሮ፣
«አታቋርጥ ብለኸኝ…
አሁን ልዋጣት?»