የጓዴ ወፍጮ ቤት

«አዲስ ቤት ተከፍቷል፣ ማሲንቆም ኪቦርድም ያለው»
ብሎ ጎተተኝ ማስረሻ፤ ቅዳሜ ማታ ነው።
ባጃጁ መቶ አለን፤ በሰማንያ ተስማማን፣
ከቸቸላ ቁልቁል የክረምቱን ጭቃ ቀዝፈን፣
ደረስን። ቀና አልኩኝ።
በሩን አወቅሁት።
ቀይ አምፖል ቢያንጠለጥሉ፣ አረንጓዴ ቢቀቡት፣
ያ የቆርቆሮ በር፣ የታች ማጠፊያው የጎበጠው፣
ልጅ ሳለሁ በጆንያ ጫፍ ገፍቼ የከፈትኩት ነው።

የጓዴ ወፍጮ ቤት!
እዚህ ነው ጤፍ አዝዬ ወረፋ የጠበቅሁት፣
«ማሽላ ካስፈጨ ሰው ኋላ እንዳትገባበት፣
ዱቄቴን ያቀላዋል» ያለችኝን እናቴ
እንዳልረሳው ብዬ ስደጋግም ባንደበቴ።
እዚህ ነው ጓዴ፣ ቅንድቡ ሳይሸብት በዱቄት የሸበተው፣
ከመውረጃው ሥር ቆንጥሮ በሁለት ጣቱ የሚያሸው፤
«ገና ነው» የሚለን፣ ሲሻው ደግሞ «ልሟል» ብሎ
ሞተሩን የሚገድል፣ ቺንጊያውን ጥሎ።

ወፍጮው በቆመበት መድረክ ተሠርቷል፤
የላይኛው ድንጋይ ጠረጴዛ ሆኗል።
ዳሽን ሁለት አዘዝን። የቤቱ ባለቤት
የሺወርቅ ጓዴ ናት፣
ስምንተኛ ክፍል ላጲሴን ያስቀረችብኝ፤ አላወቀችኝም።
«ሂሳብ በቅድሚያ ነው» አለች። ከፈልን፤ አልከፋኝም።

ኪቦርዱ ተነሣ። ድምፅ ማጉያው ሲደልቅ
የጣሪያው ማገር ተንቀጠቀጠ፣ ዓመት የተኛው ሊነቅል፤
የድሮ ዱቄት ወረደ፣
በቀዩ መብራት ውስጥ እየተንሳፈፈ፣ ቀስ እያለ፣
እስክስታ በሚመታው ትከሻ ሁሉ ላይ ዋለ።
ባንቻየሁን በዜማው መሐል አስነጠሳት፤
ቤቱ ባንድ ድምፅ «ይማርሽ!» አላት።
እንየው ይህን ያልፋል? ማሲንቆውን ገዝግዞ፣
ወዲያው ስንኝ ሰደደ፣ ቃሉን ከዱቄት መዝዞ፦

    ሰው ሸካራ ሆኖ ይገባል ከደጅ፣
    ልሞ ይወጣል እንጂ ከባንቻየሁ መጅ!

ማስረሻ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ሲለጥፍ
ላብና ዱቄት ሊጥ ሆነው ያዙለት፣ እንዳይረግፍ።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ጋቢ ተጎናጽፎ፣
መዳፉን ከግድግዳው ላይ አጥብቆ ለጥፎ፤
ጓዴ ነው። የስንት ዓመት ሞተር ጆሮውን በልቶታል፤
ምንም አይሰማም አሉ፤ ግድግዳው ግን ያወራዋል።

ድንገት መብራት ሄደ።
ኪቦርዱ የጀመረውን ቃል በአፉ እንደያዘ ዋጠ፤
ሰው ስልኩን ሊያበራ በየኪሱ ተራወጠ።
ያኔ ነው ጓዴ፣ እንደ ደንቆሮ ወግ፣ ጮክ ብሎ፦
«የሺ! ቆመ እንዴ ወፍጮው? የሰው እህል ተንጠልጥሎ?»

ማንም አልሳቀም።
የሺወርቅ አፏን ከፈተች፤ መልስ ግን አልመጣላትም።

እንየው በስልክ ብርሃን ወንበሩን ስቦ መጣ፣
ከሽማግሌው ጉልበት ጋር ጉልበቱን አገጣጥሞ ተቀመጠ፤
የጓዴን መዳፍ ወስዶ በማሲንቆው ቆዳ ላይ አኖረ፣
ደጋኑን ሳበ።
ከጭራው በቀር በቤቱ ትንፋሽ እንኳ አልነበረ።
ባንቻየሁ ያለ ማይክ ገባችበት፣
ዱቄት እንደቃመ ሰው በሻከረ አንገት፤
ምን እንዳለች ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም፣
ውጭ ዝናብ ነበር፤ እሱንም ያኔ አልሰማሁም።

ጓዴ ዓይኑን ጨፈነ። ነጻ የቀረው እጁ ጭኑ ላይ፣
አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣
ባዶ አየር ቆንጥረው ያሹ ጀመር፣ የሚወርድ ነገር ያለ ይመስል፤
አሹት፣ ቆሙ፣ ደግመው አሹት።
«ገና ነው» አለ።
እንየው ደጋኑን አለሰለሰ።
ቆየ።
ቆየና፣
«ልሟል።»

መብራት ሲመጣ ሂሳብ የለብን፣ ተነሣን ልንወጣ፤
የሺወርቅ ከባንኮኒው ዞራ፣ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መጣች፤
ነጭ ቅንድቤን አየች፣ ነጭ ጠጉሬን፣ ነጭ ሽፋሽፍቴን፣
ጣቷን ቀሰረች፦
«አንተ! የጤፉ ልጅ!»

ላጲሱን አላነሣሁባትም።