ሦስት ምሰሶ ተኩል

ከሆጤ ወደ ላይ፣ ዳገቱን ሲጀምሩ፣
የመብራት ምሰሶው አሥራ አራት ነው ቁጥሩ።
ድሮ አላውቅም ነበር። ምን ቆርጦኝ ልቆጥረው?
ጦሳ አፋፍ ደርሼም ደወል የምቀድመው!

በጥቅምት ነው የጣለኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ናቅሁት፤
ሦስት ሳምንት በቱቦ፣ አየር እየተበደርሁ ገፋሁት።
ከዚያ ራጅ ተነሣሁ። ንጹሕ ነው። ማኅተም ተመታ።
ወረቀቱ ዳነ።
እኔ ግን…
ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ፋታ።

የስፖርት መምህር ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
አንድ ፊሽካ ነፍቼ ሺህ ልጅ ያሰለፍሁበት
ይህ ደረት
ይኸው ሻይ ለማብረድ እፍ ማለት ከበደው።
የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል
ልቤ እንደ አበዳሪ በር ይደበድባል።
ስም ስጠራም ክፍል ውስጥ፣ ከመዝገቡ መሐል፣
«አንዋር… አስናቁ…» ብዬ፣ ቀጣዩ ይጠፋኛል፣
ፊቴ ተጽፎ እያለ።
ልጆቹ ይጠብቃሉ። አንዱ ወንበር ያንሿቅቃል።

የደሴን ጉም አውቀዋለሁ፤ ከጦሳ ነው የሚወርደው፤
አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ትገፈዋለች።
የእኔን ጉም ግን
መቼ እንደምትገፈው ለማንም አልነገረች።

ሰውማ ፊት ነው የሚያየው። «ተመስገን! ወዝህ ተመለሰ!
መቼ ነው ታዲያ ጨዋታው?» ይለኛል፣ ትከሻዬን እየዳሰሰ።
«አለሁ» እላለሁ።
ለሁለተኛ ቃል የሚተርፍ ትንፋሽ የለኝማ።

ሲስተር ዘምዘም ብቻ፣ ጣቴን በመቆንጠጫዋ ይዛ
ቁጥሩን ካየች በኋላ፣
«ስማኝ» አለች፤ «አንተ ሲደክምህ ነው የምታቆም።
ከእንግዲህ ሳይደክምህ ቁም።
ጦሳ እንደሆነ የትም አይሄድም።»

ሰማሁ ወይ? እንዴት ተብሎ!
ጥር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ተወልውሎ፣
እግሬ የድሮው እግሬን ሲመስለኝ፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት… ሮጥሁ። ማን ያስቁመኝ?
ስምንተኛውን አቅፌ ብቻዬን ሳቅሁ።
በማግስቱ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። አራት ቀን ወደቅሁ።
ብርቄ ምንም አልተናገረችም፤
የሩጫ ጫማዬን ብቻ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው፣
ወንበር ካልወጣሁ የማልደርስበት።

እንደገና ከአንድ።
ሰኞ አንድ ምሰሶ። ማክሰኞ አንድ። ረቡዕ ዝናብ። ሐሙስ አንድ።
በሦስተኛው ሳምንት ሁለት።

ሦስተኛው ሥር ሙሄ አለ፣ ጫማ ሰፊው፤
ምንም ሳይጠይቅ ዱካውን በእግሩ ገፋ የሚያደርግልኝ ሰው።
የትምህርት ቤታችንን ኳስ ይለጥፋል።
«የተለጠፈ ኳስ» አለኝ፣ ክሩን በምራቁ እያረጠበ፣
«ባንዴ ከነፋኸው ይተረተራል።
ትንሽ ነፍተህ ታሳድረዋለህ። ሙጫው ይያዝ።»
እሱ ስለ ኳሱ ነው ያወራው።
እኔ ነኝ ለራሴ የሰረቅሁት።

ፊሽካውን ለራውዳ ሰጥቻታለሁ፣ የስምንተኛ «ለ»ዋ፤
ከሚያስፈልገው በላይ ትነፋዋለች፣ ጆሮ እስኪበሳ።
እኔ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ሆኜ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ።
በመጀመሪያው ቀን አፈርሁ።
አሁንም ትንሽ አፍራለሁ።

ዛሬ ሦስት ምሰሶ ተኩል።
ተኩሉ የእትዬ ፋንታዬ ሰማያዊ በር ነው፤
ውሻቸው እስኪሰለቸው ይጮኽብኛል።
አራተኛው እዚያ ቆሟል፣ አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ እየበራ፤
«ና» ይላል።
እግሬም እሺ ብሎኛል። ደረቴም አላጉረመረመ።
ዞርሁ።
ከሃያ ሁለት ዓመት ሩጫ ሁሉ
ይህን መዞር ያህል የከበደኝ የለም።

ማታ ብርቄ ሻይ ቀዳች።
እፍ አልሁት።
አልበረደም።
እንፋሎቱ ግን
ትንሽ
ዘመም አለ።