ሥልሳ አንድ መኪና

ድሬ የገባሁት በሌሊት አውቶቡስ፣
ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ እርሳስ።
ሥራዬ አክሲዮን ማጥናት፤
የኩባንያን ሆድ ዕቃ ገልጦ ማየት፣
ከሦስቱ ቃል አንዱን መምረጥ፦
ግዛ፣ ያዝ፣ ሽጥ።
የቀረው ሠላሳ ገጽ ለጌጥ።

ሲሚንቶ ፋብሪካው መግለጫ አውጥቷል፣
«በቀን መቶ አርባ መኪና ጭነን እንሸኛለን» ብሏል።
ጎህ ሳይቀድ ከሳቢያን ባጃጅ ተሳፍሬ፣
ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ሰፍሬ
ቆጠርኩ። አንድ ሰረዝ ለአንድ መኪና።
ዘበኛው ጋሽ ቡሽራ በጀሪካን ውሃ ይዘው መጡና
«ደላላ ነህ ወይስ ጉምሩክ?» አሉኝ።
«አጥኚ ነኝ» ስላቸው ሳቁብኝ።
«እኔም እኮ አጥንቼ ነው ከደመወዜ ቀንሼ
ሃያ አምስት አክሲዮን የገዛሁት፣ ለኢፍቱ ብዬ፣ ለልጄ።»

ሦስት ቀን ቆጠርኩ።
ሥልሳ አንድ። ሃምሳ ስምንት። ሥልሳ አንድ።
መቶ አርባው የት ገባ? በየትኛው መንገድ?

ጻፍኩ፦ ሽጥ።
አለቃዬ አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች፣
«ልክ ነህ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤
«ግን ደንበኛችን ነው። ያዝ በለው፣ ወንድም፤
ያዝ ማንንም አይጎዳም።»
ማተሚያው ሠላሳ ገጽ ትኩስ ትኩሱን ተፋ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ስሙን አልነገረኝም።
«ሪፖርትህን አየሁት፤ ያማረ ነው፤ አልፈልገውም።
የሰረዙብህን ላክልኝ።»

ሄጅ ፈንድ የገባሁት እንዲህ ነው።
ቃሉ አጥር ማለት ነው አሉኝ፤
ከዚራ እንዳሉት የድሮ ግቢዎች፣
ከውጭ ቡጌንቪላ፣ ከውስጥ እሾህ።
ለማን እንደታጠረ አልጠየቅኩም።

እዚህ ገጽ የለም፣ ጌጥ የለም፤
አንድ መስመር ትጽፋለህ፣
ከተሳሳትክ ማታውኑ ቀይ በቀይ ታየዋለህ።
እዚህ ያልያዙትን ይሸጣሉ።
አትሳቁ፤ ጫት ተራ ያደገ ያውቀዋል፦
ነዚፋ የአወዳይ መኪና ገና ደንገጎን ሳይወርድ፣
እጇ ላይ አንድ ቅጠል ሳይኖር
የከሰዓቱን ዙርባ በጠዋቱ ዋጋ ትሸጣለች፤
ሲረክስ ገዝታ ታስረክባለች፣
ልዩነቱን መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች።
ካልወረደስ?
ካልወረደ የጆሮ ወርቋ ይወርዳል።

ተበደርን፣ ሸጥን፣ ጠበቅን።
ደቻቱን የሚያውቅ መጠበቅ አያቅተውም፦
አሸዋው ደረቅ፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣
ነጋዴው ሸራ ይወጥርበታል፣
ሰማዩ ጥርት፤
ዝናቡ ግን ከላይ፣ ከተራራው ማዶ፣
ሌሊቱን ሲጥል አድሯል።

በጥቅምት ወረደ። አርባ በመቶ።
ቢሮው ኬክ ቆረሰ፣ ስሜ በጭብጨባ ተጠራ፤
እኔ ጉሮሮዬ ላይ የጀሪካን ውሃ፣
ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል፣ ለብ ያለ።

ውሸቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።
ግን ውሃቸውን እየጠጣሁ፣
ሰረዞቼን እየደመርኩ፣
«ሽጡ» ልላቸው እችል ነበር፤
ሁለት ፊደል ነው።

ባለፈው ሄድኩ። በሩ ላይ ሌላ ሰው አለ፤
ጋሽ ቡሽራን አያውቃቸውም።
ከልማዴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ፣
እስከ ቀትር ቆጠርኩ።
ዘጠኝ።
ዘጠነኛው ባዶውን ወጣ።