ስም በግጥሙ ላይ አይጻፍ

በየዓመቱ ነሐሴ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
ፒያሳን ሸፍኖ ሆጤ ድረስ ሲሄድ፣
የደሴ ገጣሚ ወደ ሱቄ ይመጣል፤
ጃንጥላውን አራግፎ
ከደረት ኪሱ ውስጥ ወረቀት ያወጣል።

በሬ ላይ ያለው ጽሑፍ «ሲቪ፣ ማመልከቻ፣
ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ ፎቶ ኮፒ» ብቻ፤
ግጥም የሚል የለም።
ቢሆንም ያውቁኛል። ጳጉሜን ሦስት ሳይገባ
እኔ ያልተየብኩት
ጣርማ በርን አልፎ አይደርስም አዲስ አበባ።

ደንቡን ከነቁጥሩ በቃሌ ይዣለሁ፤
ለመጣው ለሄደው እንዲህ እለዋለሁ፦
አንድ፣ ከሁለት ገጽ አይብለጥ።
ሁለት፣ ከዚህ ቀደም ያልታተመ ይሁን።
ሦስት፣ ለአንድ ሰው አንድ ግጥም።
አራት፣ ስም በግጥሙ ላይ አይጻፍ፤
በትንሽ ፖስታ ለብቻው ይታሸግ፣
ዳኛው ሰው አይቶ እንዳያዳላ።

መምህር አራጋው ጡረታ ከወጣ
ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ገጽ ይዞ መጣ።
«ሁለት ነው የሚሉት» ስለው ተቆጣ።
«ሐዘን በገጽ ነው እንዴ የሚለካው?» አለና
ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤
ሦስት ቀን ሙሉ
የልጁን ስም ብቻ እየዘለለ
ሌላውን ቆረጠ።

ሙሄ፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ እሱ ደግሞ
የሐረጎን ዳገት በር ላይ ቆሞ
የጻፈውን ያመጣል በትኬት ጀርባ፤
ስንኙ ያዘነብላል
መኪናው ኩርባ ውስጥ ሲገባ።

እኔ ሥራዬ መተየብ ነው፤
ፊደል ማቃናት፣ ነጥብ መጣል።
ስንኝ ውስጥ እጅ ማስገባት
የሰው ወጥ ማማሰል ይባላል።

አምና ግን አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ
ከይማም ግጥም፣ ከበያጁ፣
መጨረሻው ስንኝ ታጣ።
ወረቀቱን ብገልጥ ግራሶ ውጦታል፤
ብደውል ስልኩ ዝግ፤ ውድድሩ ነገ ይዘጋል።
ጣቴ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ በራሱ ጻፈ፦
«በር መበየድ ለመድኩ፤
መክፈቱን ማን ያስለምደኝ?»

ጥር ላይ መጽሔቱ ወጣ፤ አንደኛ ይማም ነበር።
ያቺን የኔዋን መስመር
ሣጥን ሠርተውላት፣
በደማቅ ቀለም አትመው
«የዓመቱ ስንኝ» አሏት።

ይማም መጣ፣ ሁለት ኪሎ የመርሳ ብርቱካን ይዞ፤
ጮክ ብሎ አነበባት፤ ዝም አለ፣ በሐሳብ ተይዞ።
«ወላሂ ሉባባ፣ ይህችን መቼ እንደጻፍኳት ጠፋኝ፤
ሌሊት ይሆን?»
«ሌሊት ነው» አልኩት።
ብርቱካኑን ላጥን። ጣፋጭ ነበር፤
ትንሽም ኮመጠጠኝ።

ዘንድሮ የራሴን ተየብኩ፤
ሁለት ገጽ ሞላና መጨረሻው እምቢ አለኝ።
የሚገጥመው አንድ ብቻ ነው፣ ያ የበሩ፤
ደንብ ቁጥር ሁለት ግን ቆሞ ያየኛል፦
ከዚህ ቀደም ያልታተመ።
የራሴን ቃል መልሼ ብወስድ
ሌባ የምባለው እኔ ነኝ።

ጎደሎዋን እንዳለች ተውኳት።
የትንሹን ፖስታ ከንፈር በምላሴ አርጥቤ
ስሜን አሸግኩበት፦ ሉባባ እንድሪስ፣ ደሴ።
ግጥሙ ላይ ምንም አልጻፍኩም፤
ይህንን ለምጃለሁ እንኳን በራሴ።

ከፖስታ ቤት ስመለስ
ሙሄ ደጃፌ ቆሟል፣ ግማሹን ጉም ወስዶት፣
ትኬቶቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ፦
«ተዘጋ እንዴ?»
ሰዓቴን አየሁ። «ገና ነው» አልኩት፤
«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለን።
ና ግባ። አንተው አንብብልኝ፤
ያቺን ኩርባዋን
ሳላውቅ እንዳላቃናት።»