እርማት

ትውልድ ለምትቆጥሩ፣ ለሼትላንድ አባላት፤
የየካቲት ወሬ ከጸሐፊዋ እጅ እነሆ በጥቂት።

የአዳራሹ ጣራ ስለሚያንጠባጥብ
ማክሰኞ የምንሰበሰበው ዓሣ መጋዘን ነው፣ ከወደቡ አጠገብ።
ወንበር ይዛችሁ ኑ። ሽታውንም ቻሉት፤
ቅድመ አያቶቻችን ዕድሜ ልክ ኖሩበት፣ አንድ ቀን ሳያሙት።

መዋጮ ያልከፈለ አንድ ሰው ተረፈ፤
ስሙን አልጠራም፤ ትናንት በደጃፌ
በቀይ ትራክተር አንገቱን ቀብሮ አለፈ።

ኢንጋ ሃልክሮ ደግሞ ከሟች አክስቷ ቤት
ፎቶ አግኝታለች፤ ጀርባው ባዶ ነው፣ ስም የለበት።
ዘጠኝ ሰዎች ቆመዋል፣ ከፊታቸው አንድ በግ።
እስካሁን የለየነው በጉን ብቻ ነው፤
ጆሮው ላይ የባለቤቱ ቁርጥ አለ፣ እንደ ጥንቱ ወግ።
ሰዎቹን የሚያውቅ ካለ ሳይዘገይ ይናገር፤
የነሱ ጆሮ ሙሉ ነው፣ ምልክት የለውም፤ አልቻልንም ለመመስከር።

አሁን ወደ ከባዱ።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ ዝናብ በዘነበ ዕለት፣
ሎውሪ ጄሚሰን መጣ፣ ባርኔጣው እየተንጠባጠበ፣ ወደዚህ ማኅበር ቤት።
«የማን ዘር ነኝ?» አለ፣ ዓይኑን ወለል ላይ ጥሎ፣
ብድር እንደሚለምን ሰው ድምፁን አቅልሎ።
ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ መጠርጠር የማላውቅ፤
ሻጋታ የበላውን የደብር መዝገብ ገለጥኩ፣ በጣቴ ጫፍ ስጠነቀቅ፤
«ማግነስ የአንደርስ ልጅ» ይላል (ያኔ እዚህም ሰው በአባቱ ነው የሚጠራ)፤
ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት። ስሙን ይዤ ወጣሁ ተራራ።
እነሆ ሐውልቱ፦ ያው ስም፣ ያው ዓመት፤ ካፒቴን ነበረ፣
ዓሣ ነባሪ ሲያድን ግሪንላንድ በረዶ ላይ አምስት ክረምት ያደረ።

«ያንተ ነው» አልኩት።
አጎንብሶ የገባ ሰው ሲወጣ በሩ ጠበበው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ፣ ጀልባም ሆነ ጥጃ፣ ማግነስ ብሎ ሰየመው።
በየዓመቱ ሰኔ ኖራ በጥብጦ፣ ብሩሹን በብብቱ ይዞ፣
ተራራውን ይወጣል፤ ሐውልቱን ቀብቶ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፣ በነፋስ ደንዝዞ።
በጥቅምት ሲሞትም፣ ቀባሪ ፊት ቆሜ፣
የካፒቴኑን ስም ያነበብኩ እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ።

ባለፈው ወር ማጉያ ገዛን፣ በካልሲ ሎተሪ ገንዘብ።
ለሙከራ ያንኑ ገጽ ከሥሩ አስቀመጥኩ፣ ያለ አንዳች ሐሳብ።
የመጨረሻው ሰባት አንድ ነው።
አናቱ ላይ የደፋው ባርኔጣ ቀለም አይደለም፤
የዝንብ ኩስ ነው። ሌላ ምንም የለም።

የሎውሪ ማግነስ ሌላ ነው፦ ካፒቴኑን በስድስት ዓመት የሚቀድም፣
የባላባቱን የባሕር አረም በሌሊት ሲያፍስ ተይዞ
ሁለት ሽልንግ የተቀጣ፤ ሐውልት የለውም፣ የትም።

ወደ ልጁ ኦስላ ነውሬን ይዤ ሄድኩ፤
የበግ ኮቴ ትከረክማለች፤ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኩ።
«ካፒቴኑ ልጅ ነበረው?» አለች፣ በጉን ሳትለቅ።
«አልነበረውም፤ ቤቱ ተዘጋ» አልኳት፣ ምራቄን ስውጥ፣ ስጨነቅ።
«ታዲያ አባቴ ባይሄድ ማን ኖራ ይቀባው ኖሯል?»
በጉን አገላበጠችው። «አንድ እግር ቀርቷል፤
ያዢልኝ።» ያዝኩላት። ቆይታ «ያ ሌባውስ» አለች፣
«የት ነው የተኛው?»
«አይታወቅም።»
«እንግዲያው አረም ያለበት ዳርቻ ሁሉ የኛ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ስለዚህ፦ በገጽ አሥራ አራት፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር፣
ሰባት የተባለው አንድ ተብሎ ይነበብ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይመዝገብ፣ አይሰወር።
ኖራው ግን አይታረምም፤ ሰኔ ሲጠባ ተራራው ላይ ነን፤
ብሩሽ ያለው ብሩሽ፣ ባልዲ ያለው ባልዲ ይዞ ይቅደመን።
ባለ ቀይ ትራክተሩም ኖራውን ከጫነ መዋጮው ይማርለታል።
መዝገብ የሚገልጥ ሰው ግን ከእንግዲህ አስቀድሞ ዝንቡን ያባርራል።

ሩቢና ቱሎክ፣ ጸሐፊ